በሳቅ የማይጨረስ ቺንጋ

«የታይሚንግ ቺንጋውን ቀየርከው?» አልኩት ጎረቤቴን። በቅርቡ አሮጌ ኮሮላ ገዝቷል። «ኧረ ምንም ድምፅ የለው!» አለኝ ቆጣ ብሎ።

ይኸው ነው የሚያናድደኝ። እዚህ ባሕር ዳር ከሽምብጥ እስከ ፋሲሎ መኪና ያለው ሰው ሁሉ በጆሮው ነው የሚነዳው። ካልጮኸ ጤነኛ ነው። ይህ ቺንጋ ግን ሞተሩ ውስጥ ያለ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ዝም ብሎ ያረጃል፣ ዝም ብሎ ይበጠሳል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍትና ቫልቮቹን፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች፣ የሚከፍተውን ካም ሻፍት የሚያናብባቸው እሱ ነው። ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ቀጥ ይላል፤ ፒስተኑ ግን መውጣት መውረዱን አይተውም። በብዙ ሞተሮች፣ በተለይ በናፍጣ፣ ክፍቱን የቀረ ቫልቭ ያገኝና ያጣምመዋል። ያኔ ድምፅ ይሰማል። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታውም፣ ለጥገና ይወርዳል። ቪትዝ ያላችሁ አትደንግጡ፤ የእናንተ በካቴና ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ከተረቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ የሚቃወመው የለም። የሚፈጽመውም የለም። የእድራችን ሰብሳቢ በየስብሰባው ይተርተዋል፤ የአዳራሹ ጣሪያ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አናታችን ላይ ያፈሳል። ጣናስ? እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ብቅ ሲል ትንሽ ነበር። እያየነው በሺህ ሄክታር ወደሚለካ አረም አደገ። ስንት ስብሰባ፣ ስንት ቲሸርት፣ ስንት ፎቶ! ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ እንግዳው ዳር ቆሞ አንዲት ዘለላ ይዞ ካሜራ ያያል። የእኛ ጉድ እሳቱ ራሱ ቅጠል መሆኑ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መቼ ይቀየራል ነው። እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ብዙ አምራቾች ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ይወስኑታል። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ጎማ ነውና ዕድሜም ይጥለዋል። አንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች እንዲያውም 100,000 ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ያበራሉ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር መብራቷ ዓይኑን ስለወጋችው በፕላስተር ለጥፎባታል። ተገላገለ።

ኪሎ ሜትር ካነሳሁ ያንን ደላላ ሳልጠቅስ አላልፍም። «የዶክተር መኪና ናት ጋሼ፣ ከቤትና ከሆስፒታል ውጪ አታውቅም» አለኝ። ቆጣሪው 78,000 ይላል። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ወጥቷል። የሹፌሩ ወንበር መሀሉ ጎድጉዷል። ዶክተሩ በሽተኛ የሚያክመው ቁጭ ብሎ ፍሬን እየረገጠ ነው? አልገዛኋትም፤ ቂሜን ግን አልተውኩም። ቆጣሪ ወደ ኋላ በሚነዳበት አገር ታሪኳ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋውን በዚያው ሳምንት ይቀይር እንጂ ቁጥር አይመን።

ግን ማን ይቀይራል? የወንበር ልብስ ይገዛል፣ ቸርኬ ይቀየራል፣ የኋላው መስታወት ላይ ጥቅስ ይለጠፋል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ ላይ ሙሽራ ለማጀብ መኪናው ላይ ሪባን ይታሰራል። ቺንጋው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ማን ያየዋል? ለአዲስ ልብስ «በሳቅ ጨርሰው» ተብሎ ይመረቃል። ቺንጋን ግን ማንም በሳቅ አይጨርሰውም፤ ሳያልቅ የሚጣል ብቸኛው ዕቃችን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ነው መሰለኝ እጃችን የማይፈታለት።

አቀያየሩን ባጭሩ ልበል፣ መሸ። ቺንጋውን ብቻ አስቀይራችሁ አትውጡ፤ እሱን የሚወጥረው ወጣሪና የሚሄድባቸው ሮለሮች አብረው ይቀየሩ። የውሃ ፓምፑም በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ይጨመር፤ በኋላ ለእሱ ሲባል ሁሉም እንደገና ይፈታልና የእጅ ዋጋ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ካለ ይደፈን፤ ዘይት ጎማውን ይበላዋል። የክራንኩና የካሙ ማስተካከያ ምልክቶች ተጋጥመው ከታሰረ በኋላ ክራንኩ ሁለት ዙር በእጅ ይዞር፤ ካም ሻፍቱ አንድ ዙር የሚሞላው ያኔ ነው። ምልክቶቹ እንደገና ካልገጠሙ ቁልፍ አይነካ። «ችግር የለም፣ በዓይኔ ለክቼዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሲያልቅ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎ ሽፋኑ ላይ ይለጠፍ። ጥቅስ የሚያትሙት ልጆች ይህንንም በቀለም አሳምረው ቢያወጡልን፣ ምናልባት ጎረቤቴም ለስቲከሩ ሲል ይቀይር ይሆናል።