ሐኪም እንዲህ አያደርግም

«ሐኪም የሚድነውን ያድናል። መምህርም እንደዚያው ነው።»

ይህን ያሉት የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ባለፈው ሰኞ፣ ስብሰባው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራም። ሐዋሳ ነው፤ ይበቃል። ሁሉም ቦርሳውን አንስቶ ሊወጣ ስለነበር የተቃወመ የለም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ውሳኔው ይኼ ነው። 12ኛ ክፍል ስድስት ሴክሽን አለን፤ በየሴክሽኑ 64 ተማሪ። ከእያንዳንዱ ሴክሽን «የማለፍ ተስፋ ያላቸው» 8 ልጆች ይመረጣሉ። እስካሁን ለመጣ ሁሉ ክፍት የነበረው የቅዳሜ ቱቶሪያል ከእንግዲህ የእነሱ ብቻ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ማካካሻም እንዲሁ። የክፍል ኃላፊዎች ስም ዝርዝሩን እስከ ዓርብ እናስገባለን። ዝርዝሩ እስከ ፈተናው አይቀየርም። የዕቅዱ ስም «የማዳን ዕቅድ» ነው።

ማዳን! ከሁሉም ያናደደኝ ይኼ ቃል ነው። ልጆቹን ለመተው የፈለገ ሰው ተውናቸው ይበል። የሐኪም ነጭ ጋወን ለብሶ አይምጣብን።

ሐኪም ከተነሳ ደግሞ ስለ ሐኪም እናውራ። አምና ክረምት ልጄ ከአጥር ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። እዚሁ ከተማችን ወዳለ አንድ ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሮጥኩ። በር ላይ አንዲት ነርስ ተቀበለችን። ጣቶችህን አንቀሳቅስ አለችው፣ አንቀሳቀሰ። አረንጓዴ ምልክት ሰጠችንና ወንበር አሳየችን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተቀመጥን ባጃጅ የገለበጠው ወጣት በቃሬዛ አስገቡ። የሱሪው አንድ እግር በደም ርሶ ጠቁሯል። ቀጥታ ወደ ውስጥ ወሰዱት። እኔ ብድግ አልኩ። ቀድመን መጣን፣ ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ምናምን አልኩ። ነርሷ አልተቆጣችም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «እህቴ፣ ያንቺ ልጅ ይጠብቃል፤ ይኼ አይጠብቅም» አለችኝ።

ሐኪም ሰው የሚለየው እንዲህ ነው። ትሪያጅ ይሉታል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። አረንጓዴው በእግሩ መሄድ የሚችለው ነው፤ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ቀዩ አሁኑኑ ካልደረሱለት የሚሞተው ነው፤ እሱ ይቀድማል። ምክትላችን «የሚድነው» ብለው የጠሯቸው ልጆች በሐኪም ዓይን አረንጓዴዎቹ ናቸው። በራሳቸው እግር ይሄዳሉ። ታዲያ በየትኛው ሆስፒታል ነው አረንጓዴው አልጋ ይዞ ቀዩ በር ላይ የሚቀረው?

ነገሩ የትናንት ፈጠራም አይደለም። ዶሚኒክ ዣን ላሬ የሚባል የናፖሊዮን ጦር ሐኪም ነበር፤ ከ200 ዓመት በፊት። በጦር ሜዳ ላይ የዘረጋው ደንብ ግልጽ ነው። በጣም የቆሰለው ይቀድማል። ማዕረግ አይታይም። ጄኔራሉ ጣቱ ተቧጥሮ፣ ተራው ወታደር ሆዱ ተቀዶ ቢመጡ ሐኪሙ ወደ ወታደሩ ይሄዳል። የጦር አዛዥ ፊት ቆሞ ይህን ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ላሬ ግን ብሎታል፤ አድርጎታልም።

ቃሉ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መለየት፣ መልቀም ማለት ነው። ሕክምና ከመግባቱ በፊት ሱፍ ለሚለዩና ቡና ለሚለቅሙ ሰዎች ሥራ ይውል ነበር። ሲዳማ ውስጥ እየኖረ ቡና መልቀም የማያውቅ ሰው መቼም የለም። ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ። የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ እያወጡ ይጥላሉ። ጥሩው ወደ ውጭ ይላካል። ሕክምና ቃሉን ወሰደና ሥራውን ገለበጠው። ቡና ለቃሚ የተጎዳውን የሚለየው ሊጥለው ነው፤ ሐኪም የተጎዳውን የሚለየው ሊያስቀድመው ነው። ሰኞ ዕለት የተወሰነው ውሳኔ የቡና ለቀማ ነው። ልጆች ደግሞ ቡና አይደሉም።

«ጥቁር ምልክትስ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ባልደረባዬ። ማንም የማያድነው ሰው አለ፣ ሐኪምም ይተወዋል ማለቱ ነው። አዎ፣ አለ። ጥቁር ግን የሚሰጠው መቼ እንደሆነ ይታወቅ። በብዙ አገር የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ የአደጋ ጊዜ ደንብ አለ። በዚያ ደንብ የማይተነፍስ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የአየር ቧንቧው ይከፈትለታል። ከዚያም በኋላ ካልተነፈሰ ነው ጥቁር የሚባለው። ገና ጥቅምት ላይ ነን። ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። የማናቸውን የአየር ቧንቧ ከፍተን ሞክረን ነው 336 ልጅ ላይ ጥቁር የምንለጥፈው? ሐኪም ደግሞ የሰጠውን ምልክት ተመልሶ ያያል። የተሻለው ወደ ቢጫ ይወርዳል፤ የባሰበት ወደ ቀይ ይወጣል። የእኛ ዝርዝር ግን ዓርብ ተዘግቶ እስከ ፈተና እንደታሸገ ይቆያል።

እዚያው ደንብ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ለዪው በአንድ ሰው ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ይባላል። ሁለት ነገር ሲሆን ግን እጁን ያስገባል። የአየር ቧንቧ ለመክፈት፣ የሚፈስ ደም ለማቆም። ሞትና ሕይወትን የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ቀና የተደረገ አገጭ፣ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ጨርቅ።

እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። የእኔ ሙያ የሚፈስ ደም ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል በሚባለው የአሳ ገበያ አሳ ሲበልት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ደብተሩ ሽፋን ላይ የደረቀ የቆሮሶ ቅርፊት ተጣብቆ አይቻለሁ። አምና በአንደኛው ሴሚስተር ከእኔ ፈተና ከ100 ያገኘው 18 ነበር። በዚያ ሰሞን የሁለት ሴክሽን ወረቀት፣ 128 ፈተና፣ አርም ነበር። የእሱ ወረቀት ላይ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ። እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። ድንገት አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። −3 − 5 = 8 ይላል። ወደ ላይ ተመለስኩ። እዚያም ተመሳሳይ። ወረቀቱን ሙሉ አየሁት፤ በየጥያቄው ሦስተኛና አራተኛ መስመር ላይ ይቺው ስህተት አለች። የቀረው አሠራር ደህና ነው።

በነጋታው ጠራሁት። ለምን 8 ሆነ አልኩት። ግራ ገባው። «ማይነስ እና ማይነስ ፕላስ ነዋ፣ ቲቸር። ሰባተኛ ክፍል ተምረናል» አለኝ። ለማባዛት የተነገረውን ደንብ ለመቀነስ ወስዶታል። አምስት ዓመት ተሸክሞት ዞሯል። አምስት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት መምህር፣ እኔንም ጨምሮ፣ ኤክስ አድርጎበት አለፈ። ሦስት የምሳ ሰዓት ወሰደብን፤ በቀን ሃያ ደቂቃ። ቁጥሮቹን መሬት ላይ በጠመኔ አሰመርንና እየተራመደ ቆጠረ። ወደ ግራ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ግራ አምስት። የደረሰበትን ዓይቶ ሳቀ። በሁለተኛው ሴሚስተር 41 አመጣ።

41 የማለፊያ ነጥብ አይደለም። ምክትላችን በሚሉት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የምለው ግን ይኼ ነው፤ ልጁ ደም ይፈሰው ነበር እንጂ አልሞተም። የአንድ ሰዓት ጨርቅ ነበር የጎደለው። እንዲህ ያለ ስንት ልጅ አለ? ከእኛ 384 ተማሪ ቢያንስ ግማሹ እንደሱ ነው እላለሁ። አንዱ ክፍልፋይ ሲደምር፣ አንዷ ቅንፍ ስትፈታ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ጥያቄው ራሱ ሳይገባው። ማንም ጎንበስ ብሎ አላያቸውም።

ጊዜ አጭር መሆኑን አልክድም። እንዴት እክዳለሁ? በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ አለኝ። የክፍል ኃላፊ ነኝ። ተከታታይ ምዘና አለ፣ ማርክ ሊስት አለ፣ ሮስተር አለ፣ በየቀኑ የሚፈረም ዕቅድ አለ። ደመወዙ ስለማይበቃ ማታ ማታ ሰው ቤት ሄጄ አስጠናለሁ። ቤቴ ስደርስ ልጄ የቤት ሥራውን ክንዱ ሥር አድርጎ ሶፋ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ለሁሉም አልደርስም። ለማን ልድረስ የሚለው ጥያቄ ሌሊት የሚያስነሳኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ማንሳታቸው አይደለም ያስከፋኝ። መልሱን እንዲህ በቀላሉ ማግኘታቸው ነው።

የሥነ ዜጋ መምህራችን በሻይ ሰዓት ፍልስፍና አመጣብን። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳችው የባቡር እንቆቅልሽ ነው። ፍሬኑ እንቢ ያለ ባቡር አለ። አንዱ ሐዲድ ላይ አምስት ሰዎች፣ ሌላው ላይ አንድ። ነጂው ወዴት ያዙር? «አየሽ፣ አንዳንዴ መምረጥ ግድ ነው» አለኝ። እሺ፣ እንምረጥ። ግን ያ እንቆቅልሽ ብዙዎችን ለማዳን ጥቂቱን ስለመተው ነው። እኛ እኮ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። 48ቱን ብለን 336ቱ ላይ ነው ያዞርነው!

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለውን እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ የሆኑበት ጊዜ አለ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባትን ማንም ይፈራል። የእኛ 48ቱ ሁሉም ቢያልፉ 12.5 በመቶ ይሆናል። ሪፖርት ላይ ያምራል። ግን ከተመረጡት ውስጥ አብዛኞቹ እኛ ባንኖርም የሚያልፉ ናቸው። ቤታቸው አስጠኚ የሚመጣላቸው አሉ። ከእኔ ሴክሽን የሁለቱን አስጠኚዎች በስም አውቃቸዋለሁ። በራሱ የሚዋኘውን ልጅ እጁን ይዞ ዳር ድረስ ሸኝቶ አዳንኩት ማለት ምን ዓይነት ማዳን ነው?

«የቀሩት ሪሜዲያል አለላቸው» ይባላል፤ ያላለፉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው። ሪሜዲያልም እኮ መቁረጫ ነጥብ አለው። ከወደቁት መካከል የተሻሉትን ነው የሚወስደው። 18 ያመጣ ልጅ እዚያም በር ላይ ይቀራል።

«ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ» ሲባል አድጌያለሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለአንዱ ልጅ ወፍራም እንጀራ፣ ለሌላው ቁራሽ ስትሰጥ ግን አላየኋትም። ቢጎድል ለታመመው ነበር የምትጨምረው።

ነገሩ ልጆቹ ጋ ደርሷል። ማክሰኞ አውርቶታል ሁሉም። ረቡዕ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ያ የአሳው ልጅ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የሚጠይቀኝ ጥያቄ ያለው መስሎኝ ጠመኔውን አነሳሁ። «ቲቸር፣ እኛ ቅዳሜ አንመጣም አይደል?» አለኝ። ድምፁ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ለማረጋገጥ ያህል ነው። ቅዳሜ ነፃ ከሆነ አሳው ላይ ሙሉ ቀን ይውላል፤ ያንን ለአሠሪው መንገር አለበት።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። ልጄ ተኝቷል። ነገ ዓርብ ነው፤ ስም ማስገቢያው ቀን። ስምንት ስም ጻፉ ተብለናል። ጽፌያለሁ። ማርክ ሊስቱን ዘረጋሁና ከታች ወደ ላይ ስምንት ቆጠርኩ። የአሳው ልጅ አምስተኛው ነው። ሁለቱ ከትምህርት ቤት ከቀሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። እነሱንም ጽፌያቸዋለሁ።