ይሄ ፍሳሽ የማን ነው?

አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ ሰፈር ዝናቡ ትንሽ ጠንከር ካለ የፍሳሽ ማንሆሉ ክዳን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር ውሃ ይንፎለፎላል፣ ትንሽ ቆይቶ ክዳኑን ገፍቶ ይጥለዋል። የሚወጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሶፍቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ታች ቤት ያሉ ጎረቤቶቻችንማ የባሰ ነው፤ በሻወር ቤታቸው ወለል በኩል ሽቅብ ይመጣባቸዋል። ሕፃናት ያንን እየረገጡ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

ፍሳሽ ክፍል ስንደውል «ወንድሜ፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ ከሆነ ጎርፍ ማስወገጃን ነው የሚመለከተው» አሉን። የጎርፍ ማስወገጃዎቹ መጥተው ቦያቸውን አዩና «የእኛ ክፍት ነው፣ የሞላው የፍሳሹ መስመር ነው» ብለው ሄዱ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፤ እኔንም ያበገነኝ እሱ ነው። ውሃ፣ ፍሳሽና ጎርፍ በአንድ መምሪያ ሥር፣ በአንድ ኃላፊ ፊርማ የሚሠሩ ናቸው እኮ! ቢሮው በሦስት ስለተከፈለ መሬት ውስጥ ያለውም በሦስት የተከፈለ ይመስላቸዋል?

የችግሩ ምንጭ ደግሞ ድብቅ አይደለም። ብዙ ጣሪያና ግቢ የዝናብ ውሃውን የለቀቀው ወደ ፍሳሽ ቱቦ ነው። ለብቻው የተዘረጋ የፍሳሽ ቱቦ ስፋቱ የሚወሰነው ከቤት በሚወጣው ውሃ መጠን ነው፣ ለዝናብ ታስቦ አይደለም። እስቲ አስሉት፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ይወርዳል። አምስት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም፣ በቀን በጠቅላላ 400 ሊትር ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አንድ ጣሪያ በአንድ ሰዓት የአምስት ቀን ፍሳሽ ያህል እዚያ ቱቦ ውስጥ ይደፋበታል። የመንደሩን ጣሪያ ሁሉ ደምሩትና ክዳኑ ለምን እንደሚነሳ ንገሩኝ።

ተቃራኒውም አለ። የሽንት ቤት ፍሳሹን ጎርፍ መውረጃው ውስጥ የቀጠለ ሰው ሞልቷል። ያ ደግሞ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይደርስ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ማን ይቆጣጠረው? ፍሳሽ ክፍል ቦዩ የእሱ ስላልሆነ አያየውም፣ ጎርፍ ክፍል ደግሞ ሽንት ቤት አይመለከተውም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የምንጠጣው ውሃ ነው። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቱቦው ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ ቀዳዳ ቢኖርም የሚሆነው ውሃው ወደ ውጭ ማፍሰሱ ነው። ፈረቃው አልቆ ግፊቱ ሲወድቅ ግን ያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። በዙሪያው ያለው ምንድን ነው? ሲሞላ የከረመው ፍሳሽ! በአንዳንድ አገሮች መመሪያ የውሃና የፍሳሽ መስመር ጎን ለጎን ሲሄዱ 3 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ሲተላለፉም የውሃው ከላይ ይሆናል። እኛ ጋ የውሃ ቱቦው ተሰብሮ ሲቆፈር በዓይኔ ያየሁት ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጠጋግተው ነው። ሠራተኛው ጥቁሩን ውሃ በባልዲ እየቀዳ እያወጣ እዚያው ውስጥ ቆሞ ቱቦውን ገጠመ። በእሱ አልፈርድም፤ ጓንት እንኳ አልሰጡትም። የምወቅሰው አፈር እንደተመለሰ ወዲያው ቫልቩን ያስከፈተውን ነው። የተጠገነ መስመር መጀመሪያ በክሎሪን ይታከማል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ለሰው የሚለቀቀው። እኛ ያን ቀን የቀዳነው ቡናማና የሚሸት ውሃ ነበር። ቧንቧ ላይ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ሊቀርለት ይገባል፤ መጥቶ የለካ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ አንድ ሰፈር ሲጨርስ፣ ሰዉ የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ በኋላ ሲፈተሽ ከአጠገቡ ካለ የሽንት ቤት ፍሳሽ ጉድጓድ እየሰረገ እንደሚገባበት ተገኝቷል። የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ ተጎራብተው ከተተዉ ምን እንደሚከተል ዓለም ካወቀ ስንት ዘመኑ! እና አሁንም «ክፍላችን አይደለም» ነው መልሱ?

ቦይ ጠረጋውንም ልናገር። ደለሉንና ላስቲኩን አውጥተው ጠርዙ ላይ ይከምሩታል፣ የሚያነሳው ሌላ ክፍል ነው እየተባለ ይከርማል፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ እዚያው ያስገባዋል። ቦዩን የጠረገው ክፍል ሪፖርቱ ላይ «ተጠርጓል» ብሎ ይጽፋል።

መፍትሔው ከባድ ነው እንዳይሉን። የፍሳሽ መስመር ውስጥ ጭስ ነፍቶ መሞከር የታወቀ ዘዴ ነው፤ በየትኛው ጣሪያ አሸንዳ በኩል ጭስ እንደወጣ ቆሞ ማየት ነው። ማን ዝናቡን ወደ ፍሳሽ እንደለቀቀ በአንድ ጠዋት ይታወቃል። ከዚያ ባለቤቱ ቀጠሮ ይሰጠውና ያስተካክል። የሦስቱም መስመሮች ካርታ አንድ ላይ ይቀመጥ። ቁፋሮ ሲኖር ከውሃም ከፍሳሽም ሰው ይገኝ። ቅሬታ የሚቀበለውም አንድ ቦታ ይሁን፤ የማን እንደሆነ የሚለዩት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ ዜጋው ላይ ታች እያልኩ የምለይላቸው ጉዳይ አይደለም።

ማንሆሉ ክዳኑን ጥሎ አፉን ከፍቶ እያለ ጎርፍ ከሸፈነው ማንም አያየውም። ሰው ገብቶበት ከማለቁ በፊት ሦስቱም ክፍሎች በአንድ መኪና ይምጡ፤ መንደሩ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል።