አዲስ ከርነል ሲወጣ ፍጥነቱን ማን ይለካ?

በድሬዳዋ የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) በመጣ ቁጥር ፍጥነቱ መቀነሱን ራሱ ይለካ ወይስ ጉዳዩን ለአልሚዎቹ ይተው? ሁለት የሙያው ሰዎች፣ አንዱ ከከዚራ ሌላው ከሳቢያን፣ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

የከዚራው፦ ራሱ ይለካ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣውን የከርነሉን 6.7 ስሪት እንይ። ፕሮግራሞች ትልልቅ የማህደረ ትውስታ ገጾችን (ማህደረ ትውስታ ተከፋፍሎ የሚሰጥባቸውን ቁራጮች) በቀላሉ እንዲያገኙ ተብሎ፣ ሰፊ ቦታ ሲጠየቅ ከርነሉ በ2 ሜጋባይት ድንበር ላይ እያሰለፈ መስጠት ጀመረ። የተጠየቀው መጠን የ2 ሜጋባይት ብዜት ካልሆነ ግን በየመሃሉ ክፍተት ይቀራል፤ ጎን ለጎን ተገጣጥመው አንድ ይሆኑ የነበሩ ቦታዎች ይቆራረጣሉ። ካክተስ ቢኤስኤስኤን የተባለው መለኪያ በአንዳንድ ማሽኖች እስከ 600 በመቶ ዘገየ። ዳርክቴብል በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይም አቤቱታ ቀረበ። እርማቱ የመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እስከዚያው ያልለካ ሰው ማሽኔ አረጀ ብሎ ሌላ ሊገዛ ይችላል።

የሳቢያኑ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ከጀመርከው ጨርሰው። ያ እርማት የአንድ መስመር ለውጥ ነበር፤ የኢንቴል የፍተሻ ሮቦት ለክቶት 3888.9 በመቶ መሻሻል አየሁ ብሎ ሪፖርት አደረገ። የማን ሥራ ነው በ40 እጥፍ ገደማ የፈጠነው? ሮቦቱ የለካው ማህደረ ትውስታ መውሰድና መመለስን ብቻ የሚደጋግም ትንሽ ፈተና ነው። ቁጥር እንዲህ ሲያስጎመጅ ነው የሚያሳስተው። ደግሞ የድሬን ሙቀት አትርሳ። በግንቦት ቀትር ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የድሮውን ከርነል ጠዋት፣ አዲሱን ከሰዓት በኋላ የለካ ሰው ፀሐይዋን ነው የለካው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን፣ ማለትም ለዓመታት እርማት የሚደርሰውን ከርነል ጭነህ ሥራህን ሥራ።

የከዚራው፦ ሙቀቱን አልክድም፣ ጋሼ። ሁለቱን ከርነሎች እያፈራረቁ በተቀራራቢ ሰዓት መለካት፣ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ መቆለፍ ይቻላል። የሮቦቱ ፈተና የእኛን ሥራ አይመስልም ካሉኝ፣ የእኛን ሥራ ማን ይለካልን? ጥፋተኛውን ለውጥ ማግኘትም ያን ያህል አያስፈራም፤ ጊት ባይሴክት የተባለው መሣሪያ የለውጦቹን ዝርዝር በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ስለሚሄድ ከ16,000 ለውጦች መካከል አንዱን ለመለየት 14 ጊዜ ያህል መፈተን ይበቃል።

የሳቢያኑ፦ 14 ጊዜ ከርነል መገንባት፣ ያውም መብራት ካልጠፋ! የዘገየ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተት የተሠራው መከላከያ ፍጥነት እንደሚያስከፍል እየታወቀ ነው የገባው። በዚያው ዓመት ስፔክተር ለተባለው ሌላ ክፍተት ተብሎ 4.20 ላይ የተጨመረው ሌላ መከላከያ በአንዳንድ ሥራዎች ላይ ፍጥነቱን በ50 በመቶ ሲቀንስ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ተቃወመ፤ 4.20 ከመውጣቱ በፊትም ለሁሉም በግዴታ መሥራቱ ቀረ። ባለቤት ያለው ሥራ ነው።

የከዚራው፦ ያው ለውጥ እኮ ወደ 4.19.2 ገብቶ ነበር። 4.19 ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ የረጅም ጊዜ ድጋፍ የነበረው፣ እርስዎ ጫን የሚሉኝ ዓይነት ከርነል ነበር።

የሳቢያኑ፦ በ4.19.4 ወጣ አይደል? በቀናት ውስጥ፤ ድሬ ላይ ማንም ሳይለካ።