በእልህ የተሠራችው «የዳቦ መኪና»

ከፊት ስታዩዋት ፌራሪ ናት። ዝቅ ያለች፣ ሹል፣ ለውድድር የተሠራች። ወደ ኋላ ስትዞሩ ግን ነገሩ ይቀየራል። ጣሪያው ወደ ታች መውረድ ሲገባው ቀጥ ብሎ ይሄድና በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ያበቃል። እንግሊዞች አይተው «የዳቦ ቫን» አሏት። ለማሾፍ ነበር፤ ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀረ።

መነሻው ቂም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ትልልቅ ባለሙያዎች ከፌራሪ ወጡ። 250 ጂቲኦ የተባለችውን የፌራሪ አዲስ የውድድር መኪና ሲሠራ የነበረው ኢንጂነር ጆቶ ቢዛሪኒም አብሮ ወጣ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ድርጅት ሲያቋቁሙ ገንዘብ ካወጡት አንዱ የቬኒሱ ኮንት ጆቫኒ ቮልፒ ነበር። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ተናደደ። ለቮልፒ ጂቲኦ አልሸጥም አለ።

ቮልፒም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ያለችውን የ1961 ሞዴል 250 ጂቲ ለቢዛሪኒ ሰጠው። ቢዛሪኒ ሞተሩን ወደ ኋላ ገፋው፣ ዝቅም አደረገው፤ ኮፈኑም አብሮ ወረደ። አዲሱን ቦዲ የሠራው ሞዴና ያለው የፒዬሮ ድሮጎ ወርክሾፕ ነው። ያ አስቂኝ ጭራ የመጣው ከጀርመናዊው ዉኒባልድ ካም ሐሳብ ነው። አየር ከመኪናው ኋላ ሲላቀቅ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይጎትታል። ጣሪያውን ብዙ ሳያወርዱ አስረዝሞ ድንገት መቁረጥ ይህን ጉተታ ይቀንሰዋል።

ሰኔ 1962 በፈረንሳዩ የሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የተሳለቁባት መኪና ጂቲኦዎቹን ሁሉ ቀደመች። ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ፣ የእነሱ ባለ አምስት ሆኖ ሳለ! ደስታው ግን አልቆየም። በአራተኛው ሰዓት ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ተሰበረ። ጂቲኦዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ።

በ2021 ኒልስ ቫን ሮይ የተባለ ሆላንዳዊ ዲዛይነር ከፌራሪ 550 ማራኔሎ ተነስቶ ለእሷ መታሰቢያ የምትሆን አንዲት መኪና ሠርቷል። እጅ ሥራው የሚደነቅ ነው፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። የቢዛሪኒ ጣሪያ የረዘመው ለነፋስ ሲባል ነው። የአዲሷ የረዘመው የድሮዋ ስለረዘመ ነው። ቆንጆ ናት ብዬ አልከራከርም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያዋ ሳትሻል አትቀርም። ችግሬም እዚያው ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋን ሲሠሩ ስለ ቁንጅና የተጨነቀ ያለ አይመስልም።

ኤንዞ ያን ጊዜ አንድ ጂቲኦ ሸጦለት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁለቱም ባልተሠሩ ነበር።