ዳዊት ያለ በገና

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾች ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ሩቅ አይደለም። ባልቲሞር ወደብ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካርኒቫል ፕራይድ የምትባለው ትልቅ መርከብ ከዚያ እየተነሳች ወደ ባሃማስ ስትመላለስ ዓመታት ኖራለች። ስለ ባሕሩና ስለ ምግቡ ሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔን የገረመኝ ግን የውስጧ ጌጥ ነው።

ያስጌጣት ጆ ፋርከስ የሚባል የማያሚ አርክቴክት ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት የመርከቧ ባለቤት የሆነውን የካርኒቫል ኩባንያን መርከቦች የውስጥ ገጽታ የነደፈው እሱ ሲሆን፣ ለየመርከቧ የራሷን ጭብጥ ይሰጣታል። ኮንኩዌስት የፈረንሳይ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊዎች ደረሷት። ፋንታሲ ውስጥ የክሊዮፓትራ ባር ነበር፣ ከነፈርዖኖቹ ሬሳ ሳጥን። ኤክስታሲ ደግሞ መተላለፊያዋ ላይ እውነተኛ ሮልስ ሮይስ መኪና ተገትሮባት ነበር። ሰውዬው ይሉኝታ ብሎ ነገር አያውቅም! በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ለጀመረችው ፕራይድ የሰጣት ጭብጥ ውበት ነው። የጣሊያን ህዳሴ ዘመን ሥዕሎች ቅጂ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ እርቃናቸውን ያሉት ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

በፕራይድ ስንሄድ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ አብራን ነበረች። ሊፍት በጠበቅን ቁጥር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ ታደርጋለች። ስቴክ ቤቱ ስንገባ ደግሞ የባሰው መጣ፤ የጣሊያናዊው ቀራጺ የማይክል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት ቅጂ እንደተፈጠረ ራቁቱን ቆሟል።

«ማነው ይሄ?»

«ዳዊት ነው እማዬ።»

«የቱ ዳዊት? መዝሙረኛው?»

እሷ የምታውቀው ዳዊት በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ዘውድ ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ፣ በገናውን የሚደረድረው ንጉሥ ነው። አማተበችና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። (ረቡዕ ስለነበር ስቴኩንም አልነካችም፤ ድንችና ሰላጣ በልታ ተነሳች።)

ስንወጣ እብነ በረድ የመሰለኝን ዓምድ በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት። ባዶ ነው፣ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ነገሩ ምክንያት አለው። መርከብ ላይ እሳት ክፉ ነው፣ ዓለም አቀፉ ደንብ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር እንደልብ አያስጠቀምም። ድንጋይ ላይኛው ወለል ላይ ከተቆለለም ሚዛን ያዛባል። ስለዚህ እንጨት የሚመስለው እንጨት አይደለም፣ ድንጋይ የሚመስለውም ድንጋይ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ማስመሰል እያየሁ መሳቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ቀናሁ። ምክንያቱም ሰውዬው የጀመረውን ጨርሶታል። ምንጣፉን ብታዩ፣ መብራቱን ብታዩ፣ የወንበሩን ጨርቅ ብታዩ ያው ጭብጥ ነው። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል። አሁን አሁን ካርኒቫልም ፈዘዝ ወዳለ ቀለም ዞሯል፤ ፋንታሲና ኤክስታሲም ቱርክ ተወስደው ለብረታ ብረት ተቆራርጠዋል።

አገር ቤት ስገባ የማየው ሌላ ነው። አዲስ የተከፈተ ሆቴል ሎቢው ላይ አንድ መሶብ፣ አንድ ጀበና፣ ከእንግዳ መቀበያው በላይ ደግሞ የላሊበላ ፎቶ አለ። ክፍላችሁ ስትገቡ ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ መጋረጃ፤ ዱባይ ሁኑ ናይሮቢ አታውቁትም። ኢትዮጵያ በር ላይ ቀርታለች ማለት ነው። እኛም እዚህ ያለነው አንሻልም። ምግብ ቤቶቻችን ውስጥ ጥበብ፣ አገልግል፣ የአክሱም ሐውልትና የሯጮች ፎቶ አንድ ግድግዳ ላይ ይጋፋሉ፤ አብሮ ይሂድ አይሂድ የጠየቀ የለም።

ደግሞ አንችልም እንዳይባል፣ ችለን አይተነዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተን የመዋኛ ገንዳው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ይዞ ነው የተሠራው። ማንም ጽሑፍ ሳይለጥፍበት ዋናተኛው መስቀሉ ውስጥ ይዋኛል። ከዚያም በፊት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለቀለም መስታወት አለ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚያህል። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። እና ለሎቢው እብነ በረድ ከውጭ የሚያስጭን ባለሀብት አንዱን ግድግዳ ለአንድ ሠዓሊ ቢለቅለት ምን ይጎድልበታል?