ለጥቂቶች ቡድን ወይስ ለመላው ክፍል? የአካታችነት በጀት መጀመሪያ የት ይዋል

ፍሪማን ህራቦውስኪ በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲን (ዩኤምቢሲ) እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2022 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1988 ያስጀመሩት የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ መጀመሪያ ጥቁር ተማሪዎችን በሳይንስ ለዶክትሬት ለማብቃት የታሰበ ነበር፤ በኋላ ለሁሉም ተከፍቷል። የእሳቸውን መንገድ ተከትሎ ሁሉንም ዓይነት ተማሪ አቅፎ ማብቃት (አካታችነት) የሚፈልግ የዩኒቨርሲቲ አመራር በጀቱን በምን ይጀምር? እንደ ማየርሆፍ ባለ የተመረጡ ጥቂት ተማሪዎች ቡድን ወይስ ሁሉም በሚማርበት ትልቅ ክፍል?

ለቡድኑ የሚከራከሩት፦ ብዙ ዓይነት ተማሪ መቀበል ቀላል ነው፤ ከባዱ የገባው በሳይንስ ዘርፍ እንዲጸና ማድረግ ነው። ማየርሆፍ አዲስ ገቢዎችን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በክረምት ለ6 ሳምንት አንድ ላይ ያስተምራል፤ ተሰባስቦ ማጥናትም ከተማሪው የሚጠበቅ ነው። ሲ ያመጣ ተማሪ ኮርሱን ደግሞ እንዲወስድ ይመከራል። ትክክል ነው፤ ተሸፋፍኖ ያለፈ ክፍተት በቀጣዩ ኮርስ ይዞ ይጥላልና።

ለክፍሉ የሚከራከሩት፦ እርስዎ የጠቀሷቸው ልጆች ሲመረጡም ጎበዞች ናቸው። አካታችነት የሚፈተነው ማንም ስሙን በማያውቀው የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ላይ ነው። ዩኤምቢሲም በ2005 የኬሚስትሪ ዲስከቨሪ ሴንተርን ጀምሯል፤ ተማሪዎች አራት አራት ሆነው፣ እያንዳንዱ ድርሻ ይዞ ጥያቄ ይሠራሉ። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ድርሻው በየሳምንቱ ካልዞረ አንዱ ሁሉንም ይሠራል፣ ሴቷ ሁልጊዜ ጸሐፊ ትሆናለች፣ ቋንቋው የሚከብደው ዝም ብሎ ይወጣል። ሰዓቱም በመደበኛው የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ይሁን። ማታ ከተደረገ ሠርቶ የሚማረው ይቀራል፤ ልናግዘው የተነሳነው ደግሞ እሱን ነው!

ለቡድኑ፦ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪው ዩሪ ትሪስማን በ1970ዎቹ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋሉትን ያስታውሱ። በካልኩለስ የሚወድቁት ጥቁር ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ለብቻቸው ነበር የሚያጠኑት። መፍትሔው የማጠናከሪያ ትምህርት አልሆነም፤ ከክፍሉ የከበደ ጥያቄ ሰጥቶ በጋራ ማሠራት ሆነ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። «ለደካሞች» ተብሎ የተከፈተ ክፍል ውስጥ ተማሪው ገና ሲገባ አንገቱን ይደፋል። እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ በጥቂቶች ሞክሮ ማጥራት ይሻላል።

ለክፍሉ፦ ሙከራው ስንት ዓመት ይፈጅ? ፕሬዚዳንቱ ከየትምህርት ክፍሉ አማካይ ውጤት መቀበል ያቁሙ፤ አማካይ ይሸፍናል። በየኮርሱና በየሴክሽኑ ዲ ያገኘ፣ ኤፍ ያገኘ፣ ያቋረጠ ማን እንደሆነ ተለይቶ ይቅረብላቸው። የመጀመሪያው ፈተና እንደታረመ ይምጣ፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የመጣ ዝርዝር ማንንም አያድንም።

ለቡድኑ፦ በዝርዝሩ እስማማለሁ። ግን እሱን ያዩ ፕሬዚዳንት የአራት የአራት ጠረጴዛዎችን የሚመራ የሠለጠነ ረዳት በማግሥቱ ከየት ያመጣሉ? ሥራውን የሚያውቁት በቡድኑ ውስጥ አልፈው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረሱት ተማሪዎች ናቸው። ቡድኑ ይቅደም የምለውም ለዚህ ነው፤ እነሱን ክፍያ ሰጥቶ ወደ ትልቁ ክፍል ማሰማራት በሁለተኛው ዓመት ይጀመር።