ፖስታው ለሌሊት ተረኛው አይደርስም
በበዓል ለአፓርታማ ሠራተኞች በፖስታ ስለሚሰጥ ገንዘብ የሚያወራው ጽሑፍ ላይ «በዓል ሲመጣ ለጥበቃው አንድ ፖስታ መስጠት ይበቃል» የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። እኔ ራሴ አንድ አፓርታማ ላይ 6 ዓመት ጥበቃ ሠርቻለሁ፣ ያውም አብዛኛውን በሌሊት ፈረቃ። ፖስታው ሁሌም የሚሰጠው ቀን ቀን በር ላይ ለሚታየው ሰው ነው። የሌሊት ተረኛው፣ ደረጃ የምታጸዳዋ፣ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ለማንም ትዝ አይሉትም። በዓሉ ዕለት ደግሞ ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚቆመው ተተኪ ስለሆነ፣ መስጠት የፈለገ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ስም ጽፎበት ይስጥ። ስም አለማወቅ ያሳፍራል ከተባለም መጠየቅ ነው፣ ምን ችግር አለው? ከላይ አስተያየትህ ላይ «ደሞዝ ይከፈላቸው የለም እንዴ?» ያልከው ወንድሜ፣ ይከፈላል፣ ማን ካደ? ግን አንድ ቤተሰብ ነበር፣ ሁሌ ትንሿን ልጃቸውን ነበር የሚልኩት። አንድ ጊዜ እኔን ከነባትሪዬ ስላ፣ ስሜን አጣማ ጽፋ አመጣችልኝ። ፖስታው ውስጥ ስንት እንደነበር ረስቼዋለሁ (መቼም ሳምንት አልቆየም)። ስዕሉ ግን እስካሁን ቁም ሳጥኔ በር ላይ ተለጥፏል፣ ባትሪው ከእኔ ይበልጣል።